አሥራ አራት እንቁላልና አንዲት ውሸት

ባለቤቴ መዋሸት አይችልበትም። ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፣ ያለውን ሦስት ጊዜ ይደጋግማል፣ ማንም ሳይጠይቀው ማብራሪያ ይጨምራል። ስለዚህ በትዳራችን ስምንተኛ ዓመት አንዲት ውሸት ሲዋሽ፣ ልትገድለኝ ደርሳ የነበረችውን መምረጡ ከልምድ ማነስ ነው ብዬ ይቅር ብዬዋለሁ። ወዲያው ግን አይደለም።

እኔ የደነባ ልጅ ነኝ። ደብረ ብርሃን አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሬጅስትራር ቢሮ ተቀምጬ የተማሪ ውጤት እመዘግባለሁ። እሱ የአንኮበር ሰው ነው፤ ጎረቤላ አጠገብ ተወልዶ ያደገ፣ አሁን እዚሁ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚጠግን። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ ሳልደርስባቸው ዐርፈዋል። እናቱ ግን አሉ፤ ያውም ለሁለት ሰው የሚበቃ ጉልበትና ለሦስት ሰው የሚበቃ ምክር ይዘው።

ልጅ አልወለድንም ነበር። በአገራችን ሁለት ሰው ተጋብቶ ልጅ ሲያጣ መካኗ አንዷ ናት። እሱን ማንም አይጠይቀውም። ጠበሉ ለኔ፣ ስለቱ ለኔ፣ ማሩ ለኔ፣ እግርን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መተኛቱም ለኔ። አንዷ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ቡና ተዪ ስትለኝ ሌላዋ ደግሞ ቡና ጠጪ ትለኛለች፤ እኔም ተራ በተራ ሁለቱንም ታዘዝኩ። አማቴ በየዓመቱ ለጥምቀት ስንሄድ ሆዴን የሚያዩበት ዓይን ነበራቸው፤ ገበያ ላይ ጤፍ የሚያይ ሰው ዓይን።

በአራተኛው ዓመት አዲስ አበባ ሄደን ሁለታችንም ተመረመርን። ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ ለኔ ምንም እንደሌለብኝ ነገረን። ወደ ባለቤቴ ዞሮ ግን የዘር ፍሬው ቁጥሩ አነስተኛ፣ እንቅስቃሴውም ደካማ መሆኑን ለስለስ አድርጎ አስረዳው። ባለቤቴ ማሽን ስለሚያውቅ «መለዋወጫ የለውም?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አልነበረም።

ስንመለስ ጫጫ ላይ አውቶቡሱ ሰው ለማውረድ ሲቆም ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣

«ለእማዬ አንነግራትም» አለኝ።

«እሺ» አልኩት።

ያንን እሺ ያልኩት ከፍቅር ነው ብዬ ስኩራራ ኖሬያለሁ። አሁን ሳስበው ግማሹ ድካም ነው። መካን መባልን ለምጄዋለሁ፤ አዲስ ነገር ከመጀመር የለመዱትን መቀጠል ይቀላል።

ሌላ አራት ዓመት አልፎ ነው ወደ ሕክምናው የገባነው። የነገሩ ፍትሕ እንዲህ ነው። ችግሩ የሱ ስለሆነ መርፌውን የምወጋው እኔ ነኝ። እንቁላሎቼ በርከት ብለው እንዲያድጉ በየቀኑ ሆዴን በመርፌ እወጋለሁ፤ ከዚያ ሐኪሙ ማደንዘዣ ሰጥቶ፣ በብልት በኩል ረጅም መርፌ አስገብቶ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ይመጥጣቸዋል፤ ከዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሱ የዘር ፍሬ ጋር ይገናኛሉ። የሱ ድርሻ አንዲት ትንሽ ዕቃና አንድ የተዘጋ በር ነበር። ከዚያ በር ሲወጣ ግን ፊቱ ላይ የነበረውን ድካም ያየ ሰው ከጦር ሜዳ የተመለሰ ይለዋል።

መርፌውን ቤት ውስጥ የሚወጋኝ እሱ ነበር፤ እጁ ጥሩ ነው። መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል ስለተባልን ፍሪጅ ውስጥ ከቂቤው አጠገብ አስቀመጥነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ መስኮት ላይ ቢያስቀምጡትም ይበቃው ነበር፤ ግን ሐኪም ያለውን ማክበር ነው ብለን።

መርፌውን በጀመርን በሁለተኛው ቀን አማቴ ሳይናገሩ ከአንኮበር መጡ። ገና ነጠላቸውን ሳያወልቁ ያመጡትን ቂቤ ሊያስቀምጡ ፍሪጁን ከፈቱና መርፌዎቹን አዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

እኔ ወደ ባለቤቴ አየሁ። ጆሮው ቀላ።

«ስኳር ነው» አለ። «የስኳር መድኃኒት ነው። እሷ ስኳር አለባት። ስኳር። በቅርብ ነው የታወቀው፤ ብዙም አይደለም፤ መካከለኛ ስኳር ነው።»

ሰው ለራሱ በሽታ ሲያጣ ለሚስቱ ይፈልግላታል። አማቴ መርፌውን አስቀመጡና እያዘኑ አዩኝ። በዚያ አስተያየት ውስጥ ያለውን ስሌት ደህና አድርጌ አነበብኩት፤ መካን ስትሆን ስኳርም ጨመረች፤ ልጄን ምን ዓይነት ዕጣ ገጠመው።

ለሦስት ቀን የመጡት ሴትዮ እኔን ሊያስታምሙ ሰነበቱ። ስኳር ከቤት ጠፋ። ሻይ ያለ ስኳር፣ ቡና ያለ ስኳር። ወደ አልዩ አምባ ገበያ ለሚወርድ ዘመድ ደውለው የሽፈራው ቅጠል አስመጡና አፍልተው ጠዋት ማታ አጠጡኝ። ሐኪሙን በስልክ ጠየቅሁት፤ ከሕክምናው ጋር ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ ባልጠጣው ጥሩ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ አማቴ ፊታቸውን ሲያዞሩ እቃ ማጠቢያው ውስጥ እደፋው ነበር። ሆዴ በመድኃኒቱ እየተነፋ ሲሄድ አማቴ፣ «ስኳር ያሳብጣል፤ የጎረቤታችንም እንዲሁ ነበረች» አሉኝ። ጎረቤታቸው ምን ሆና እንደቀረች አልጠየቅሁም።

እንቁላሉ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። አማቴን «ለስኳር ምርመራ አዲስ አበባ እንሄዳለን» አልናቸው። ክሊኒኩ ውስጥ የስምምነት ቅጽ ሰጡኝ። ሐኪሙ ሊከሰቱ የሚችሉ ነገሮችን ዘረዘረልኝ፤ እንቁላል የሚያፈራው ኦቫሪ መድማት፣ ኢንፌክሽን፣ መርፌው አጠገብ ያለ አካል መንካት። ሁሉንም የሚናገረው አውቶቡስ ተራ ላይ መዳረሻ በሚጠራ ሰው ፍጥነት ነው፤ በመጨረሻም «እነዚህ ግን በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ ናቸው» አለኝ። ደስ አለኝ። በሕይወቴ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም። ዕቁብ እንኳን ስገባ ዕጣ የሚወጣልኝ መጨረሻ ነው። ፈረምኩ። ባለቤቴም የት እንደሚፈርም እየጠየቀ ፈረመ።

ስነቃ ነርሷ አጠገቤ ቆማ «አሥራ አራት ወጥቷል» አለችኝ። ባለቤቴ አሥራ አራት ሲባል ደረቱ ሰፋ፤ ዶሮዋ የሱ ነችና። «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» አለኝ እየሳቀ። መቀመጥ ያቃተኝ ሰው ስለነበርኩ ተረቱ ብዙም አላሳቀኝም።

ሐኪሙ ያን ቀን አዲስ አበባ እንድናድር ነገረን። ባለቤቴ እሺ ብሎ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ የተማሪዎች ውጤት ተጠናቆ የሚገባበት ቀን ነው፤ እኔ ከሌለሁ ኮሌጁ የሚዘጋ ይመስለኝ ነበር። ደግሞ የገዛ አልጋዬን ፈለግሁ። እኩለ ቀን ላይ ሚኒባስ ያዝን። ሸኖን እስክናልፍ ያለው ጉድጓድ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ነበር፤ ደግነቱ ማደንዘዣው ሙሉ በሙሉ ስላልለቀቀኝ ግማሹን ለሹፌሩ ትቼለት ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ አልሄድኩም። የቀኝ ትከሻዬ ጫፍ ያመኝ ጀመር። ሆድ ቢሆን ይገባኛል፤ የተወጋሁት ሆዴን ነው። ትከሻ ምን አገባው? ባለቤቴ ወደ ሥራ ሲወጣ «የሚኒባሱ መስኮት ብርድ ነው የመታሽ» አለኝ። በዚህ ከተማ ብርድ የማይመታው ነገር የለም፤ ጥርስም፣ ጥናትም፣ ትዳርም ብርድ ይመታዋል። አመንኩት። ስጋደም ሕመሙ ይብሳል፣ ስቀመጥ ያዞረኛል። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። አራት ሰዓት አካባቢ ወደ ሽንት ቤት ልሄድ ስነሳ ግድግዳው ወደኔ መጣ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ነበርኩ።

አማቴ ሮጠው መጡ። ግንባሬን ዳሰሱ፤ ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆኛል።

«ስኳሯ ወርዷል» አሉ ለራሳቸው።

ከየት እንዳመጡት አላውቅም፣ በውሃ የተበጠበጠ ስኳር አፌ ላይ ደገኑ። በዐሥር ቀን ውስጥ የቀመስኩት የመጀመሪያው ስኳር ነው። እየሞትኩ ስለነበር ጣፈጠኝ ብል ነውር ይሆናል፤ ግን ጣፍጦኝ ነበር።

ለልጃቸው ደወሉለት፤ በባጃጅ በረረ። ሦስታችንም በዚያችው ባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሄድን። ድንገተኛ ክፍል ስንገባ መናገር አቅቶኝ ነበር፤ ምላሴ ከባድ ሆነብኝ፤ የሚባለውን ግን እሰማለሁ። ወጣት ሐኪም መጣ። አፍ የከፈቱት አማቴ ናቸው።

«ስኳር አለባት፤ ወርዶባት ነው» አሉ። ሐኪሙን ከማስረዳት ይልቅ የሚያዙት ይመስሉ ነበር።

ነርሷ ጣቴን ወጋች። «ስኳሯ ደህና ነው» አለች።

«ሽፈራው ነው ያስተካከለው» አሉ አማቴ።

ሐኪሙ የደም ግፊቴን ለካ፤ ግንባሩ ተቋጠረ። ደግሞ ለካ። «ግፊቷ በጣም ወርዷል። ከስኳሩ ሌላ ሕመም አላት? የምትወስደው መድኃኒት ምንድን ነው? ሰሞኑን የተደረገላት ነገር አለ?» ብሎ ወደ ባለቤቴ ዞረ።

ባለቤቴ ዝም አለ።

ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ባለቤቴ ለቅጽበት ነው ይላል። ነርሷ በኋላ እንደነገረችኝ ሐኪሙ ሦስት ጊዜ ጠይቆታል። በዚያች ሰዓት ሰውየው በሁለት ነገር መካከል ቆሞ ነበር፤ በአንድ ወገን የሚስቱ ነፍስ፣ በሌላ ወገን የዘር ፍሬው ዝና። መምረጥ ሦስት ጥያቄ ፈጀበት። እኔ አልጋው ላይ ሆኜ ልጮህበት እፈልጋለሁ፤ ከአፌ የሚወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ትናንት አዲስ አበባ» አለ በመጨረሻ፣ «እንቁላል አውጥተውላታል።»

«ምን አውጥተውላታል?»

«እንቁላል። አሥራ አራት።»

አማቴ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በዐቢይ ጾም?» አሉት።

ሐኪሙ ግን ወዲያው ገባው። ለሳቅም ለማብራሪያም ጊዜ አልሰጠም፤ አልትራሳውንዱን እዚያው አልጋዬ ድረስ አስመጣና ሆዴ ላይ አሳረፈው። ሆዴ በደም ተሞልቷል። መርፌው ከወጋቸው ቦታዎች አንዱ መድማቱን አላቆመም ነበር፤ የፈሰሰው ደም ወደ ላይ ወጥቶ ሆድንና ደረትን የሚለየውን ድያፍራም ሲነካ ነው ትከሻዬን ያመመኝ። ብርድ አልነበረም። ሐኪሙ ለቀዶ ጥገና እንድዘጋጅ እያዘዘ ባለቤቴን መጠየቁን ቀጠለ፤ የደም ዓይነቷ፣ የበላችበት ሰዓት፣ ልጅ አላት ወይ፣ ሕክምናው ለምን አስፈለጋት፣ የማህፀን ችግር ነበረባት ወይ።

«የለባትም» አለ ባለቤቴ። «እሷ ምንም የለባትም። ችግሩ የኔ ነው።»

ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። የአማቴን ፊት ለማየት ስል ብቻ ልገልጠው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቀዶ ጥገና ክፍል ሳለሁ የሆነውን የነገረኝ ባለቤቴ ነው። ኮሪደሩ ላይ እናትና ልጅ በአንድ አግዳሚ ላይ፣ በመካከላቸው ሌላ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው ተቀምጠዋል። እሱ ደም ሰጥቶ ክንዱ ላይ ጥጥ አድርጓል። ሦስት የፋብሪካ ጓደኞቹም ሊሰጡ መጥተው ወረፋ ይዘዋል። በዚህ መሀል ስልኩ ጠራ። ከክሊኒኩ ነው፤ የትናንቱን ውጤት የምትነግር ልጅ ናት። ጥጡን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው ስልኩን ሲነካ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ።

«እንኳን ደስ አለዎት» አለች ልጅቷ ለኮሪደሩ ሁሉ። «አምስቱ ፅንስ ሆነዋል።»

አማቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «አምስት ምን?»

«አምስት ፅንስ፣ እማዬ።»

«እሷ ሆድ ውስጥ?»

«አይ፣ አዲስ አበባ።»

አማቴ ይህንን ለጥቂት ጊዜ አሰቡበት። እዚህ ቢላ ሥር ያለች ምራት፣ አዲስ አበባ ያሉ አምስት የልጅ ልጆች፣ አግዳሚው ላይ ስለ ስኳር እንኳ በወጉ መዋሸት የማይችል ልጅ። በመጨረሻ ያሉት፣ «አባትህ ይህን ሳያዩ ሞቱ፤ እሳቸውስ ታደሉ» ነው።

ሐኪሞቹ የሚደማውን ቦታ ሰፍተው ዘጉት፤ ኦቫሪዬንም አተረፉት። የቀዶ ጥገናው ሐኪም በማግስቱ ሊያየኝ ሲመጣ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ እንዳጋጠመው ነገረኝ። «በጣም አልፎ አልፎ ነው» አለኝ፣ እንደ ምስጋና። ስንት ሰው ተመርጦ የማያውቅበት ነገር ላይ በመመረጤ አመስግኜ ተኛሁ።

አማቴ ሁለት ቀን አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ጉዳዩ ቃል አልተነፈሱም። ሾርባ ያጎርሱኛል፣ ፀጉሬንም ያበጥሩልኛል። በሦስተኛው ቀን ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣

«መቼ ነው ያወቃችሁት?» አሉኝ።

«አራት ዓመት ሆነን፣ እማማ።»

«አራት ዓመት ሙሉ ጠበል ስሰድሽ?»

«አዎ።»

«ያን ሁሉ ስናገርሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ይቅርታ የሚሉ መስሎኝ ራሴን አዘጋጀሁ፤ ምን እንደምመልስ እንኳ አስቤ ነበር። እሳቸው ግን፣ «ለሰው ምን ብለን እንናገራለን?» አሉኝ።

ከዚያ ፔርሙሱን አነሱና ሻይ ቀዱልኝ። አራት ማንኪያ ስኳር ጨመሩበት። የማይጠጣ ነበር፤ ጨርሼ ጠጣሁት።

ለሰው የሚነገረውንም ራሳቸው አሰቡት። ከአንድ ወር በኋላ አንኮበር ሲመለሱ፣ የምራታቸው ስኳር በአልዩ አምባ ሽፈራው ድራሹ እንደጠፋ አወሩ። ልጃቸውን የሚነካ አንድ ቃል አልጨመሩም። እናት ናቸው። እኔም ከስኳር ዳንኩ እንጂ ከመካንነት አልዳንኩም።

ከአምስቱ ፅንስ እስከ መጨረሻው ያደጉት ሦስት ናቸው። ቁስሌ እስኪሽር ተጠብቆ፣ ክረምቱ ሲገባ አንዱ ማህፀኔ ውስጥ ተቀመጠ። ሁለት ሳምንት እንደ ዕቃ ተጠንቅቀው ያዙኝ። አልያዘም። ያን ቀን ባለቤቴ ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቆ መጣና ለዓመት ተበላሽቶ የቆየውን የመታጠቢያ ቤት በር ሲጠግን ዋለ። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ብሎን አቀብለው ነበር። ሁለቱ ፅንሶች አዲስ አበባ በረዶ ውስጥ ይኖራሉ። ለደብረ ብርሃን ሰው ልጆች ብርዱ ሲያንስ ነው እንጂ ሲበዛ አይደለም፤ ከወዲሁ ይልመዱት።

በጥር ጎረቤላ የዘመድ ሰርግ ነበር። ድንኳን ውስጥ ገና ከመቀመጤ ሦስት ሴቶች ተራ በተራ መጥተው ሽፈራውን በቀን ስንት ጊዜ እንደጠጣሁ ጠየቁኝ። ለኔ ያደረገው ነገር ስለሌለ መድኃኒታቸውን እንዳይተዉ፣ ሐኪማቸውንም እንዲሰሙ ነገርኳቸው፤ አንዳቸውም አላመኑኝም። ከዚያ የባለቤቴ አክስት ጠላ ይዘው ከፊት ለፊታችን ተቀመጡ። ጤንነቴን ጠየቁ፣ አመሰገኑ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ለጠረጴዛው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲህ ስኳሩም ለቀቀሽ። ምን ትጠብቂያለሽ? ዕድሜ እኮ አይጠብቅም።»

ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው ፈገግታ አለኝ፤ የዓመታት ሥራ ነው። እሱን ላወጣ ስል ባለቤቴ የያዘውን ሥጋ ሳህኑ ላይ መለሰ።

«አክስቴ፣ እሷን አይጠይቋት» አለ። «እኔ ነኝ። ሐኪም አይቶኛል፤ ችግሩ የኔ ነው። እሷ ለኔ ስትል ልትሞት ነበር።»

ጆሮውን አየሁት። አልቀላም።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ሁሉ በድንገት ወጡን ማየት ጀመረ። አማቴ ከሁለት ወንበር ወዲያ ነበሩ፤ አጥንት እየጋጡ ነበር፣ መጋጣቸውን ቀጠሉ። ቆየት ብለው፣ «እንግዲህ ሰማችሁ፤ ብሉ» አሉ። አክስት ጠላቸውን ይዘው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄዱ፤ ወሬውም አብሯቸው ሄደ፤ ሙሽራዋ ሳትገባ ድንኳኑን እንደሚያዳርሱት ርግጠኛ ነበርኩ።

ተቸግሬ ነበር ብል እዋሻለሁ። ስምንት ዓመት ተኩል የተሸከምኩትን ሌላ ሰው ሲሸከም ማየት እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። ሁለት ጊዜ ጥሬ ሥጋ አስጨመርኩ።

ልንሄድ ስንል የባለቤቴ አጎት፣ ግምጃ ቤት በሚባለው አካባቢ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ጠሩኝ። እኚህ ሰው ከዓመታት በፊት ባለቤቴን ሌላ ሴት እንዲያይ የመከሩት ናቸው፤ ምክሩን የነገረኝ ራሱ ነው። ዙሪያቸውን ገላምጠው ስልካቸውን አወጡ።

«ያ ሐኪም» አሉኝ፣ «ቁጥሩ አለሽ?»

«ለማን ነው?»

«ለታላቁ ልጄ። ከተጋቡ ስድስት ዓመታቸው ነው። እሷን ጠበል እየሰደድን ነበር።»

ብዙ የምለው ነበረኝ። ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ተሰልፎ ቆሟል። ቁጥሩን አነበብኩላቸው፤ እሳቸው በአንድ ጣት እየፈለጉ ጻፉ።

«እንቁላሉ የሚወጣላት ቀን እዚያው ይደሩ» አልኳቸው። «ትከሻዋን ካመማት ደግሞ ብርድ ነው እንዳትሏት፤ ሐኪም ቤት ውሰዷት።»

«ትከሻዋን?»

«ትከሻዋን።»

እሱንም ስልካቸው ላይ ሊጽፉት ፈልገው አልሆነላቸውም። ተቀብያቸው እኔ ጻፍኩላቸው።